የሮም አፈ ታሪክ በሜልበርን

የዜጋውን ሥራና ትምህርት፣ ቤተሰቡንና ኅሊናውን ሳይቀር በአንድ ፓርቲ ሥር ለማዋል የሚሻ ሥርዓት ፍጹማዊ አምባገነንነት ሲባል፣ እንዲህ ያለው ሥርዓት የሚገዛው በፖሊስና በእስር ቤት ብቻ ሳይሆን በአፈ ታሪክ፣ ማለትም ያለፈውን ዘመን ቀድሶ ለዛሬው ትእዛዝ ማጽደቂያ በሚያደርግ ትረካ ጭምር ነው። የጣሊያን ፋሺዝም የጥንቷን ሮም ትንሣኤ አወጀ፤ ከመጥረቢያ ጋር የታሰረውን የሮም ሹማምንት የበትር ጥቅል ዓርማው አደረገ፤ ዓመታትንም ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆጠረ። በዚህ ትረካ ውስጥ የ1896ቱ የዓድዋ ሽንፈት በደም ካልታጠበ በቀር የማይነጻ ነውር ሆኖ ቀረበ።

ይህ አፈ ታሪክ ባሕር ተሻግሮ፣ ብዙ ጣሊያናውያን ስደተኞች ወደነበሩባት የአውስትራሊያ ከተማ ሜልበርን ደረሰ። በ1920ዎቹ በከተማዋ የተመሠረተው «ፋሾ»፣ ማለትም በውጭ አገር የተቋቋመ የፓርቲው ቅርንጫፍ፣ ከአገሩ ርቆ በባዕድ ምድር ለሚናቅ ሠራተኛ ጥቁር ሸሚዝና የኮት ባጅ አልብሶ የታላቅ ግዛት ወራሽነትን ቃል ገባለት። በታኅሣሥ 1935 ኢትዮጵያ በተወረረች በሦስተኛው ወር፣ የጣሊያን ሴቶች የወርቅ የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ሰጥተው በምትኩ የብረት ቀለበት እንዲያጠልቁ ተጠሩ፤ በአውስትራሊያ የሚኖሩትም ከዚህ ጥሪ ውጪ አልነበሩም። በዚህ የቀለበት ሥርዓት የጣሊያን መንግሥት ያተረፈው ወርቁን ብቻ አልነበረም፤ ለባል የተገባው ቃል ለፓርቲው የተገባ ቃል ሆኖ በየሴቲቱ ጣት ላይ እንዲታይ አደረገ።

ይሁን እንጂ በዚያችው ከተማ ጸረ ፋሺስት ጣሊያናውያን በ1927 አንድ ክለብ ከፍተው፣ የምርጫ ማጭበርበርን በፓርላማ በማጋለጡ በሰኔ 1924 በፋሺስቶች በተገደለው በጃኮሞ ማቴዎቲ ስም ሰየሙት፤ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ጣሊያንኛ ያስተማረው የቦሎኛው የሕግ ባለሙያ ኦሜሮ ስኪያሲም ከተቃዋሚዎቹ ግንባር ቀደሞች አንዱ ነበር። የእነርሱ ምልክት ድል አድራጊ ቄሣር ሳይሆን እውነት በመናገሩ የተገደለ ሰው ነበር፤ የሁለቱ ወገኖች ልዩነትም የታየው በዚህ ነው። ጣሊያን በሰኔ 1940 ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ የአውስትራሊያ መንግሥት የፋሺስት ድርጅቶችን ዘጋ።

አፈ ታሪኩ በሮም ያቆመው ምልክትም አልጸናም፤ ፋሺስቶች ከኢትዮጵያ በድል ምልክትነት ወስደው በጥቅምት 28 ቀን 1937፣ ወደ ሮም የዘመቱበት 15ኛ ዓመት ሲከበር፣ ሮም ላይ ያቆሙት የአክሱም ሐውልት በ2005 እ.ኤ.አ. ተመልሶ በ2008 በቦታው ቆመ። ዛሬ በሜልበርኑ የፉትስክሬ ሰፈርና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለልጆቻቸው ዓድዋን ሲያወርሱ፣ እንደ ሮም አፈ ታሪክ ጥያቄ የማይነካው ጣዖት አድርገው ሳይሆን፣ በማስረጃ የሚመረመር፣ ከነሕመሙ የሚነገርና ማንንም መናቅ የማያስተምር ታሪክ አድርገው ሊያወርሱ ይገባል።