የዊሳሂከን ሸለቆ የተራራ ብስክሌት መንገዶች

የዊሳሂከን ሸለቆ የተራራ ብስክሌት መንገዶች በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ በፊላደልፊያ ከተማ ሰሜን ምዕራብ ክፍል የሚገኙ፣ የዊሳሂከንን ጅረት ግራና ቀኝ ይዘው የሚሄዱ የጠጠርና የአፈር መንገዶች ናቸው። ሸለቆው ከ700 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው የሕዝብ ፓርክ ሲሆን በውስጡ 80 ኪ.ሜ. ያህል መንገድ አለ። አንድ ሚሊዮን ተኩል ከሚያልፍ ሕዝብ መካከል ይህን ያህል ጫካ ሊኖር የቻለው በአጋጣሚ አይደለም፤ በየዘመኑ በወጡ እገዳዎች ነው። ዛሬ የብስክሌት ነጂው የሚደሰትበት ጸጥታ የእገዳ ውጤት ነው፤ እሱ ራሱም በተራው እገዳ ደርሶበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልክዓ ምድርና አለት

ጅረቱ ከከተማዋ በስተሰሜን ከሞንትጎመሪ አውራጃ ተነስቶ 37 ኪ.ሜ. ያህል ከተጓዘ በኋላ ስኩልኪል ወንዝ ውስጥ ይገባል። የመጨረሻዎቹን 11 ኪሎ ሜትሮች የሚሄደው አለት ሰንጥቆ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሲሆን፣ የሸለቆው ግድግዳ አንዳንድ ቦታ ከ60 ሜትር በላይ ይቆማል።

አለቱ በሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ በቦታው ስም «ዊሳሂከን ሺስት» ይባላል። ሚካ የተባለው ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል፤ ጋርኔት የተባለው ማዕድንም ይገኝበታል። የሚሰነጠቀው ንብርብሩን ተከትሎ ስለሆነ መንገዱ ላይ ጠርዛቸው ሹል የሆነ፣ እንደ ደረጃ የተደራረቡ ድንጋዮች ይበዛሉ። ሲደርቅ ጎማ በደንብ ይይዛል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ያንሸራትታል። ከአለቱ የሚወጣው አፈር ላላ ያለና በቀላሉ የሚታጠብ ነው። በዚህ ላይ ከሸለቆው በላይ ካሉት ሰፈሮች ጣሪያና አስፋልት የሚወርደው ጎርፍ በየገባሩ እየተንደረደረ ይገባል። መንገዱን የሚቆርጠው ጎማ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ከከባድ ዝናብ ማግስት አንዱን ገደላማ መንገድ ማየት ይበቃል።

ከወፍጮ ወደ ፓርክ

አካባቢው የሌናፔ ሕዝብ ምድር ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ አውሮፓውያን ሰፋሪዎች የጅረቱን ኃይል ለወፍጮ ተጠቀሙበት። በብሪታንያ የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የመጀመሪያው የወረቀት ወፍጮ የተተከለው በ1690 ከጅረቱ ገባር በሞኖሾን ዳር ነው፤ ሪተንሃውስ ታውን የተባለው መንደር ዛሬም ይታያል። ደራሲው ኤድጋር አለን ፖ በ1844 ስለ ሸለቆው አንድ መጣጥፍ አሳትሟል።

የመጀመሪያው ትልቅ እገዳ የመጣው በውሃ ምክንያት ነው። የዊሳሂከን ውሃ የሚገባበት ስኩልኪል የከተማዋ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ስለነበር (አሁንም ነው) ከ1868 ጀምሮ የፌርማውንት ፓርክ ኮሚሽን በጅረቱ ዳርና ዳር ያለውን መሬት መያዝ ጀመረ። ወፍጮዎቹና አብዛኞቹ መጠጥ ቤቶች ቀስ በቀስ ፈረሱ። ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራው ቫሊ ግሪን ማረፊያ ቤት ነው፤ ዛሬ ምግብ ቤት ሆኖ ያገለግላል። በቶማስ ሚል ያለው ጣሪያ የለበሰ የእንጨት ድልድይ በ1855 የተሠራ ሲሆን በ1939 ታድሷል።

የተከለከለው ጎዳና

ሁለተኛው እገዳ የመኪና ነው። ከጅረቱ ጎን ለጎን 9 ኪ.ሜ. ያህል የሚሄደው ሰፊ የጠጠር መንገድ ቀድሞ ቀረጥ የሚከፈልበት የሠረገላ መንገድ ነበር። ስሙ ዛሬ «ፎርቢደን ድራይቭ» ሲሆን ይህም «የተከለከለው ጎዳና» ማለት ነው፤ የተከለከለውም መኪና ነው። እገዳው ብዙውን ጊዜ በ1920 ገደማ እንደወጣ ይጻፋል። በማግስቱ ዓመት፣ በ1921፣ መንገዱ ለመኪና ሊከፈት ነው የሚል ሥጋት ተነስቶ ፈረሰኞች በሰልፍ እንደተቃወሙ ይነገራል፤ ሰልፉም «የዊሳሂከን ቀን» እየተባለ ለረጅም ጊዜ ሲከበር ኖሯል። የዊሳሂከን ወዳጆች ማኅበር የተመሠረተው በ1924 ነው። ሸለቆው በ1964 ብሔራዊ የተፈጥሮ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

የኬልፒየስ ዋሻ

ዋሻው ከብስክሌት ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ትክክል ነው። ነገር ግን በሸለቆው ታችኛው ክፍል የሚያልፍ ሁሉ ስለሚጠይቅና ስለሚከራከርበት እዚህ ቦታ ተሰጥቶታል።

ዮሐንስ ኬልፒየስ ከትራንሲልቫኒያ የተነሳ ሊቅ ሲሆን በ1694 አርባ ያህል ተከታዮቹን ይዞ ፊላደልፊያ ገባ። የዓለም ፍጻሜ መቅረቡን ያምኑ ስለነበር በዊሳሂከን ዳር በጸሎትና በኮከብ ቆጠራ ተወስነው ተቀመጡ፤ ሙዚቃም ይጫወቱ ነበር። ኬልፒየስ በ1708 እንደሞተ ይታመናል።

ሄርሚት ሌን ከተባለው መንገድ በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ በድንጋይ በር የተሠራለት ትንሽ ጓዳ አለ። በአካባቢው ልማድ ኬልፒየስ ይጸልይበት የነበረው ዋሻ ይህ ነው። በ1961 አንድ የሮዚክሩሺያን ማኅበር ሰውየውን የራሱ መንፈሳዊ አባት አድርጎ በመቁጠር ከጎኑ የመታሰቢያ ድንጋይ አቁሟል። በርካታ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ጓዳው ከኬልፒየስ በኋላ የተሠራ፣ ምናልባትም በምንጭ ውሃ ወተትና ምግብ ለማቀዝቀዝ ያገለገለ ቤት ነው ይላሉ። ሁለተኛው አስተያየት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ የመታሰቢያው ድንጋይ የሚመሰክረው ስለ 1961 እንጂ ስለ 1694 አይደለም።

የተራራ ብስክሌት መምጣት

የተራራ ብስክሌት በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ተፈልስፎ ከ1981 ወዲህ በፋብሪካ ብዛት መመረት ጀመረ። ወፍራም ጥርሳም ጎማ ያለው ይህ ብስክሌት እንደ ዊሳሂከን ላሉ ድንጋያማ ቦታዎች የተመቸ ስለነበር ቀድሞ የእግረኛና የፈረስ ብቻ በነበሩት ቀጫጭን መንገዶች ላይ ነጂዎች በረከቱ። ቅሬታም አብሮ መጣ፤ ፍጥነቱ፣ ድንገት ከመታጠፊያ መውጣቱ፣ የመንገዱ መጎዳት። ችግሩ የፊላደልፊያ ብቻ አልነበረም፤ በ1988 በካሊፎርኒያ ዓለም አቀፉ የተራራ ብስክሌት ነጂዎች ማኅበር የተቋቋመውም መንገዶች በየቦታው ለብስክሌት መዘጋታቸው አሳስቦ ነው።

በዊሳሂከን መፍትሔ የሆነው ሙሉ ክልከላ ሳይሆን ፈቃድና ክፍፍል ነበር። በቀጫጭኖቹ መንገዶች ላይ ለሚነዳ የፈቃድ ወረቀት ማውጣት ግዴታ ሆነ። በኋላም በ2000ዎቹ የዊሳሂከን ወዳጆች ማኅበር መንገዶቹን በዓለም አቀፉ ማኅበር ባለሙያዎች አስጠንቶ መጠገን ጀመረ። የጥገናው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ የውሃ መውረጃ ቦይ ይሆናል። ስለዚህ እንዲህ ያሉት ተዘግተው በምትካቸው ዳገቱን አግድም እየቆረጡ የሚሄዱ፣ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘነበሉ መንገዶች ወጡ፤ ውሃው ሳይከማች መንገዱን አቋርጦ ያልፋል። በአካፋና በዶማ ከሠሩት በጎ ፈቃደኞች መካከል ብስክሌት ነጂዎች ነበሩበት፤ ከእግረኞች ጋር የነበረውን ኩርፊያ ከስብሰባ ይልቅ ይህ የጋራ ሥራ ሳያለዝበው አልቀረም።

መንገዶቹና ደንቡ

ፎርቢደን ድራይቭ ለጀማሪና ለቤተሰብ የሚሆን ሰፊና ለጥ ያለ መንገድ ነው። በምዕራብ ዳርቻ ነጭ፣ በምሥራቅ ደግሞ ቢጫ ምልክት ያላቸው መንገዶች ለብስክሌት፣ ለእግረኛና ለፈረስ የጋራ ናቸው፤ ሁለቱም ዳገታቸው አጭርና ተደጋጋሚ ነው። በምሥራቅ ከውሃው አጠገብ የሚሄደው ባለ ብርቱካናማ ምልክት መንገድ በአብዛኛው ለእግረኛ የተተወ ነው።

ብስክሌተኛ ለእግረኛም ለፈረሰኛም ቅድሚያ ይሰጣል። ፈረስ ሲያጋጥም ቆሞ ድምፅ ማሰማት ይገባል፤ በዝምታ ከኋላ የሚመጣ ብስክሌት ፈረስን ያስበረግጋል። መሬቱ ሲረጥብ በቀጫጭኖቹ መንገዶች ላይ አለመንዳት ይመከራል። በመኸር የረገፈው ቅጠል ሥሩንና ድንጋዩን ስለሚሸፍን ቁልቁለት ላይ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል።

መጓጓዣ

በቼስትነት ሂል ዌስት የባቡር መስመር ላይ ያሉ በርካታ ጣቢያዎች ከሸለቆው ምሥራቃዊ ጫፍ ሩቅ አይደሉም። ከመሃል ከተማ በብስክሌት የሚመጣ የስኩልኪል ወንዝን የብስክሌት መንገድ ይዞ ሪጅ ጎዳና አጠገብ ወደ ዊሳሂከን ይታጠፋል።