እንዶድ፦ ከእናቶቻችን እጅ እስከ ቤተ ሙከራ



መድረሳ ገብቶ ፊቅህ የቀራ ሰው የመጀመሪያው ምዕራፍ የውሃ ምዕራፍ መሆኑን ያውቃል። ኡስታዞቻችን ሦስት ነገር ያስጠኑናል፦ ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ። ነጃሳ ገብቶበት ከሦስቱ አንዱ ከተለወጠ ውሃው ለጠሃራ አይሆንም። ይህ የጠሃራ መለኪያ ነው። ለጤና ደግሞ ሌላ መለኪያ ይጨመርበታል። ቀለሙ የጠራ፣ ሽታ የሌለው፣ ሲቀምሱት ደስ የሚል ውሃ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥል ነገር ሊይዝ ይችላልና። ያንን የሚያሳየን ቤተ ሙከራ ነው። ዛሬ በአገራችን ስለተሠራ አንድ ትልቅ የቤተ ሙከራ ሥራ ታሪክ እናወጋለን።

የታሪኩ መነሻ እንዶድ ነው። በእኛ በአርሲ ደጋ «አንዶዴ» ይባላል። ከኢተያ እስከ አሰላ ባለው አገር አጥር ሥርና ጥሻ ውስጥ ይበቅላል። ሳሙና በየሱቁ ሳይገባ በፊት እናቶቻችንና አያቶቻችን ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በውሃ አርሰው ነጭ ልብስ ያጥቡበት ነበር። አረፋውን ያየ ሁሉ ሥራውን ያውቃል። አረፋው ከልብስ ላይ ታጥቦ ወንዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሠራ ግን ለረጅም ጊዜ የጠየቀ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ያጠኑ ነበር። ቀንድ አውጣ የሚጠናው ስለ ቢልሃርዚያ ነው። የበሽታው ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የተፈለፈለው እጭ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባን ሰው በቆዳው በኩል ዘልቆ ይገባል። ትሉን ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ውስጥ አገኘው፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ። ቀንድ አውጣው ከሌለ የትሉ መንገድ ይቆረጣል።

ዶክተር አክሊሉ ወንዝ ዳር አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በዝቷል። በሌላው ቦታ እንደዚያ አይደለም። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት የተማረ ሰው አልፏል! እሳቸው ግን ቆመው ጠየቁ። መጠየቅ ብቻም አልበቃቸውም፤ ሕያው ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አድርገው እንዶድ የተበጠበጠበት ውሃ ጨመሩባቸው። ሞቱ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልን። የሐዲስ ሊቃውንት አንድን ወሬ «ሰዎች ይሉታል» በሚል ብቻ አይቀበሉም፤ ማን እንዳወራው፣ ከማን እንደሰማው ይመረምራሉ። የሳይንስም ጉዳይ በዚህ ይመሳሰላል። «እንዶድ ይገድላል» ማለት ወሬ ነው። ምኑ ይገድላል? እንዴት? ስንት ሲሆን? ሌላውንስ? እነዚህ ሲመለሱ ወሬው እውቀት ይሆናል።

መልሱ ከዓመታት ሥራ በኋላ መጣ። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ውህድ አለ። ጠባዩ የሳሙና ነው፤ አንዱ ጎኑ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጎኑ ቅባት። ልብስ ላይ ያለውን ቅባት የሚያላቅቀው በዚህ ነው። የሕያው ነገር ሕዋስ ሽፋንም ከቅባት የተሠራ ነውና ያንንም ይበሳዋል። ዶክተር አክሊሉ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በስታንፎርድ ምርምር ተቋም ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀንድ አውጣ ገዳዩን ውህድ ለይተው አወጡ። በአባታቸው ስም «ለማቶክሲን» ተባለ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የውህዱ አፈጣጠር ነው። ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ሳፖኒኑ በሁለት በኩል የስኳር ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ስለሆነ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው በራሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም አንዱን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳይ የሚሆነው ያኔ ነው። በውሃ ፋንታ በአልኮል ከተዘፈዘፈ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማልና የሚወጣው ነገር ቀንድ አውጣን እምብዛም አይጎዳም። ተመልከቱ፤ እናቶቻችን ወቅጠው በውሃ ሲያርሱት የኬሚስትሪውን ዋና ደረጃ በእጃቸው ይፈጽሙ ነበር። ስሙን አያውቁትም፤ ሥራውን ግን ያውቁታል።

ውህዱ ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል፤ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈርሶ ይጠፋል፤ ከዓመት ዓመት አይከማችም። ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚል ሰው ተሳስቷል። እንዶድ ውሃ ውስጥ ሲበዛ ዓሣ ይገድላል፤ ዓይን ያቃጥላል፤ የጠጣውንም ሰው ይመርዛል። መድኃኒትና መርዝ የሚለዩት በመጠን ነው።

ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ላይ ወንዞቹ በእንዶድ እየታከሙ ጥናት ተደረገ። በትንንሽ ልጆች ላይ ከ100 ውስጥ 50 የነበረው ሕመምተኛ ወደ 7 ወረደ። በዚያን ጊዜ ለዚሁ ሥራ ከውጭ የሚገዛው ኬሚካል ለድሃ አገር የማይቀመስ ነበር። እንዶድ ግን በየጓሮው ይበቅላል። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከየአገሩ ዝርያ ሰብስበው ብዙ ፍሬ የሚሰጠውንና ቀንድ አውጣን አጥብቆ የሚገድለውን መረጡ፤ «ዓይነት 44» የሚባለው ከዚያ የተገኘ ነው።

ታዲያ ለምን በዓለም ላይ አልተሠራበትም? ዓለም አቀፍ ተቋማት አንድ ጥያቄ አነሡ፦ ለሰው፣ ለእንስሳና ለአካባቢ ያለው ጉዳት በታወቀ መስፈርት ተፈትኗል ወይ? እውነቱን እንናገር፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚጎዳው ሌላው ነው። ያንን ፈተና አድርጎ ዓለም የሚቀበለው ወረቀት የሚሰጥ ቤተ ሙከራ አገር ቤት አልነበረም። ስለዚህ ተክሉ የኛ፣ ዕውቀቱ የእናቶቻችን፣ ግኝቱ የኢትዮጵያዊ ሆኖ ሳለ ማረጋገጫው በሰው እጅ ነበር። ዓመታት በዚህ አለፉ። በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት ስዊድን ውስጥ የሚሰጠውን «ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማት አገኙ። በኋላም አሜሪካ ውስጥ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን የዛጎል ዓይነት በእንዶድ እንደሚሞት ታወቀና የፓተንቱ ባለቤት የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ የቢልሃርዚያ ዋና መከላከያ ለተማሪዎች የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን ነው። ኪኒኑ ትሉን ይገድላል፤ ልጁ ተመልሶ ወንዝ ሲገባ ግን ቀንድ አውጣው እዚያው ይጠብቀዋል።

ውድ ወጣቶች፤ ይህ የአድዋ ታሪክ ብቻ አይደለም። የኢተያ ማሳ ስንዴ ነው። ከ1967 ጀምሮ ካዱ (የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት) ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ አርሲ አስገባ፤ ቁሉምሳ ያለው የምርምር ማዕከልም እዚሁ በኢተያና በአሰላ መካከል ነው። ምርቱ ጨምሯል፤ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ ያለ ጸረ አረም የሚያርስ ጥቂት ነው። አረሙ መሞቱን ሁላችንም እናያለን። ፓምፑ የታጠበበት ውሃ ወዴት ወረደ? የመድኃኒቱ ባዶ ጀሪካን ውሃ ተቀድቶበት የጠጣ ልጅስ ምን ሆነ? ዶክተር አክሊሉ የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ ከልብሱ ዝቅ ብሎ ያለውን ውሃ አዩ።

ከእናንተ መካከል ዘንድሮ የተፈጥሮ ሳይንስ የምትመርጡ አላችሁ። ኬሚስትሪ ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ቀመር አይምሰላችሁ። የውሃችንን ጉዳይ ሌላ አገር ያለ ሰው እስኪመዝንልን ከምንጠብቅ እዚሁ የሚመዝን ልጅ ይውጣልን። ገበሬ የሆናችሁም፤ ባዶውን ዕቃ ብሱትና ቅበሩት፣ ፓምፑን ከወንዝ አርቃችሁ እጠቡ። እናቶቻችሁንም ጠይቁ፤ የሚያውቁትን ሳይናገሩ እንዳያልፉ።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን፤ ባወቅነውም የምንሠራ ያድርገን። ወሰላሙ ዓለይኩም።