ገዛ (ግሥ)

ገዛ የአማርኛ ግሥ ሲሆን ሁለት ዋና ትርጉም አለው፤ ገንዘብ ከፍሎ ዕቃን የራስ ማድረግ እና አገርን ወይም ሕዝብን ማስተዳደር። «ገዥ» የሚለውም ቃል መርካቶ ሱቅ ውስጥ ዋጋ የሚከራከረውን ደንበኛም፣ አገር የሚያስተዳድረውንም ሰው ይጠራል። ከግሡ የወጡት ስሞች ግን ተለያይተዋል፤ «ግዢ» የገበያ፣ «ግዛት» የመንግሥት ቃል ነው።

ሥሩ ከግዕዙ «እግዚእ» (ጌታ) ጋር አንድ ነው። አማርኛ የመጨረሻውን የጉሮሮ ድምፅ ጥሎታል፤ ትግርኛ በ«ገዝአ» ውስጥ ይዞታል። ግዕዝ ለግዢ «ተሣየጠ» ይላል፤ የአማርኛው «ሸጠ»ም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የጌትነቱ ትርጉም ቀድሞ፣ የግዢው በባለቤትነት በኩል የመጣ ይመስላል።

ተመሳሳይ ቃላት

«ገበየ» ገበያ ወጥቶ መግዛት ነው። «ሸመተ» በተለይ ለእህልና ለቀለብ ይውላል፤ እህል በረንዳ ጤፍ ይሸመታል፣ ሸማ ተራ ግን ነጠላ ይገዛል። በዜና «መኪና ሸመተ» ሲባል ይሰማል፣ ለጆሮ ግን ይጎረብጣል። «መርካቶ» ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ገበያ ነው፤ ወራሪዎቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደዚህ አዛውረዋል።

ሌሎች አገባቦች

«ራሱን ገዛ» ማለት ስሜቱን ተቆጣጠረ ነው። «ሐሳቡን ገዛሁት» በቅርብ ጊዜ የተለመደ አነጋገር ነው። «ተገዛ» እንደ ባለቤቱ ይፈታል፤ በሬ ሲሆን ተሸጠ፣ ሰው ሲሆን ታዘዘ። በባርነት ዘመን ግን ሰውም እንደ በሬው ይገዛ ነበር።