የእህል ጎተራና የአሠሪው ትጋት

የቀድሞ ዘመናችንን ሕንጻዎች ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፥ በፋሲል ግንብና በእንጦጦ ማርያም ላይ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ለነዚህ ሕንጻዎች ጠራቢና አናጢ፥ ለነገሥታቱም ሠራዊት ቀለብ የሆነው እህል የት ተከማችቶ፥ በማንስ አሠሪነት በቆመ ቤት ውስጥ ከነቀዝና ከዝናም ተጠብቆ እንደ ከረመ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን ጎተራን ከግንብ አላሳንሰውም፤ ግንብ ቢፈርስ መንግሥት በድንኳንም ይኖራል፥ እንደ ኖረም እናውቃለን፤ ጎተራው ባዶ የሆነበት መንግሥት ግን ሠራዊቱ በጥቂት ሳምንት ይበተንበታል።

የእህል ማኖሪያ በአገራችን አንድ ዐይነት ብቻ አልነበረም። በቤት ውስጥ ባለቤቲቱ ጭቃን ከጭድና ከእበት ጋር አቡክታ ደረጃ በደረጃ እየደራረበች የምታቆመው ጎታ አለ፤ በደጅ ከቀርከሃ ወይም ከልምጭ ተጠልፎ፥ ውስጡና ውጭው ተመርጎ፥ ከምድር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ተቀምጦ የሣር ክዳን የሚደፋበት ጎተራ አለ፤ በሐረርጌና አፈሩ ደረቅ በሆነባቸው ሌሎች አገሮች ደግሞ ማሽላው የሚቀበርበት፥ አፉ ጠባብ ሆዱ ሰፊ የሆነ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ እህሉን ከእሳትና ከዘራፊ ዐይን ስለሚሰውር በሽብር ዘመን የተመረጠ ነው፤ ነገር ግን ታፍኖ የከረመ እህል ማብቀል ስለሚያቅተው፥ አስተዋይ ገበሬ የዘሩን እህል በጎታ ለይቶ ያኖረዋል እንጂ ከጉድጓድ አያገባውም። አፉም በተከፈተ ጊዜ ወዲያው የሚገባበት የለም፤ በውስጡ የታመቀው ክፉ አየር ሰው ስለሚገድል፥ ነፋስ እስኪመላለስበት ድረስ ክፍቱን ይቆያል።

የመንግሥት ወይም የመኳንንት ጎተራ ሥራ ግን አንድ አባወራ ለቤቱ እንደሚሠራው አልነበረም። ከሁዳዱ፥ ማለት ገባሩ ለጌታው በግዴታ ከሚያርሰው እርሻ፥ የሚገባው እህል ብዙ ስለ ሆነ ጎተራው አንድ ሳይሆን ብዙ ነው፥ ሥራውም ለአንድ አሠሪ በአደራ ይሰጣል። የዚህ ሰው ጥበብ ከመጥረቢያው ይልቅ በወራት አቈጣጠሩ ላይ ነበር። አዲሱ እህል ከኅዳር እስከ ጥር ታጭዶና ተወቅቶ ይገባልና ጎተራው ከዚያ በፊት ተመርጎ፥ ደርቆም መገኘት አለበት፤ እርጥብ ምርጊት ላይ የተገለበጠ እህል ከዳር ጀምሮ ይሻግታል። ለምርጊቱ የሚሆነው የጤፍ ጭድ ግን ከዐውድማ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ያለፈው ዓመት ጭድ ክረምቱን ከዝናምና ከከብት ተጠብቆ ካልቈየ በመስከረም የሚቦካው ጭቃ ማያያዣ የለውም። ሰንበሌጡ ደግሞ ዝናም ሳያቋርጥ ለክዳን አይደርስም፤ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው ወይራና ጥድም በበጋ ተቈርጦ ካልደረቀ ይጣመማል። እንግዲህ አሠሪው እንጨቱን ባለፈው በጋ፥ ጭዱን ባለፈው ዐውድማ፥ ጭቃውን በመስከረም፥ ሣሩን በጥቅምት እያዘዘ፥ አራቱም ከኅዳር መባቻ በፊት አንድ ላይ እንዲገናኙ ማድረግ ነበረበት። ከነዚህ አንዱ የዘገየ እንደ ሆነ የቀሩት ቆመው ይጠብቁታል፤ የዐውድማው እህል ግን አይጠብቅም።

ከዚህም በላይ የትኛው እህል ወደ የትኛው ጎተራ እንዲገባ መወሰን የርሱ ፈንታ ነበር። ጤፍን ከደቃቅነቱ የተነሣ ነቀዝ አይደፍረውምና ለዓመታት ይከርማል፤ ማሽላና ባቄላ ግን ይህን ዕድል ስላላገኙ ወይ አመድ ይነሰነስባቸዋል፥ ወይ አስቀድመው ለቀለብ ይወጣሉ።

ይህን ሁሉ በጀርባው የሚሸከመው ገባሩ ነበር። እንጨቱን ቈርጦ ማምጣት፥ ጭቃውን ረግጦ ማቡካት፥ ሁዳዱን ማረስና ማጨድ፥ እህሉንም እስከ ጎተራው ደጅ ማድረስ ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ ዕዳ ነበርና፥ የራሱ አዝመራ በደረሰበት ሳምንት ለጌታው ጎተራ ጭቃ የሚረግጥ ገባር ጥቂት አልነበረም። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. በታተመው «ዝክረ ነገር» የግብሩንና የመሬቱን ሥርዐት በትጋት መዝግበው ባያቈዩልን ኖሮ፥ የዚህ ድካም ብዙው ክፍል ከባለቤቶቹ ጋር ተቀብሮ በቀረ ነበር።

የጎተራ ነገር በመንግሥት ደረጃ ምን ያህል እንደሚከብድ የታየው በክፉ ቀን ነው። ዮሴፍ በግብፅ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አምስተኛውን እጅ እየሰበሰበ አከማችቶ ሕዝብን እንዳዳነ በኦሪት ዘፍጥረት እናነባለን፤ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው በሽታ ግን የአገራችንን በሬ በጥቂት ጊዜ ስለ ጨረሰው፥ ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ጎተራው ቢኖርም የሚገባበት እህል ታጣ። ዐፄ ምኒልክ ያላቸውን ካከፋፈሉ በኋላ መኳንንቱ እንዳያፍሩ ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። ከዚያ ወዲህ ወታደር በገበሬው ቤት እየተመራ መብላቱ ቀርቶ ገበሬው አሥራት ለመንግሥት ጎተራ እንዲያገባ ታዘዘ፤ በዚህም ትእዛዝ ጎተራ ማሠራት የአንድ መኰንን ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የመንግሥት ሥራ ሆነ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ዘመቻ የክተት ዐዋጅ ተነግሮ፥ በወረኢሉና በሌሎች ስፍራዎች የተገናኘውና ቍጥሩ ከመቶ ሺሕ ያላነሰው ሠራዊት እስከ የካቲት 23 ቀን ድረስ መቆየት የቻለው ከጀግንነቱ ጋር ስንቅ ስለ ነበረው ነው። ያም ስንቅ በዓድዋ ዋዜማ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበረ ስናስብ፥ በየአውራጃው ጭቃ ያስቦካ የነበረው ስሙ ያልተጻፈ አሠሪ በድሉ ውስጥ ድርሻ እንዳለው አልጠራጠርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። ቈርቈሮ ገባ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ በየጣቢያው የድንጋይና የቈርቈሮ መጋዘን ቆመ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ በገባሩ ግዴታ ፈንታ ለም መሬት በጋሻ 15 ብር፥ ለም ጠፍ 10 ብር፥ ጠፍ 5 ብር እንዲከፍል ወሰነ፤ በ1937 ዓ.ም. አሥራቱም ራሱ በገንዘብ ተለወጠ። ገባሩ ከጭቃ ረገጣ በማረፉ ደስ ይለኛል፤ ጎተራው ግን ሥራ ፈትቶ ክዳኑ በዝናም ሲበሰብስ የሠሪውን ጥበብ መዝግቦ ያቈየ አልተገኘም።

ስለዚህ በየአገሩ ያላችሁ የትምህርት ቤት ልጆችና መምህራን፥ በአካባቢያችሁ የቆመ ጎተራ ወይም ያልተደፈነ ጉድጓድ ብታገኙ ጥልቀቱንና ወርዱን ለኩ፥ እንጨቱ ከምን ዛፍ እንደ ሆነ፥ ጭቃውም ስንት ቀን እንደሚቦካ ሽማግሌዎቹን ጠይቃችሁ ጻፉ። ሥራውን የሚያውቁ አባቶች በሕይወት ሳሉ ይህ ይፈጸም።