በጋንቾ ላይ ያረፈ ሸክም

በአውሮፓ ብስክሌትን በመኪና ጭኖ ወደ ጫካና ወደ ባሕር ዳር የመውጣት ልማድ ከተስፋፋ ወዲህ ሸክሙ እንደ ዘመኑ ስፍራውን ሲለውጥ ኖሯል። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ብንጠቅስ፣ በ1942 ኤሪክ ቱሊን በስዊድን ያቋቋመውና በመጀመሪያ ለአጥማጆች የዓሣ ወጥመድ ይሸጥ የነበረው ቱሌ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ፊቱን ወደ ፖርቶ መጋላ መልሶ፣ ዛሬ ስሙ ከዓሣ ይልቅ ከመኪና ጭነት ጋር የሚነሣ ድርጅት ሆኗል። ጣራ ግን ከፍ ያለ ነው፤ ነፋስም ይቃወመዋል፤ ስለዚህ ሰው ተሳቢ ለመጎተት ከመኪናው ኋላ ወዳስተከለው፣ 50 ሚሊሜትር ስፋት ወዳለው ክብ ብረት፣ ወደ ጋንቾው፣ ዐይኑን አቀና።

መጎተትና መሸከም ግን የተለያዩ ግብሮች ናቸው። ተሳቢ በገዛ መንኰራኵሩ ቆሞ ከክብደቱ ጥቂቱን ብቻ በጋንቾው ላይ ሲያሳርፍ፣ መንኰራኵር የሌለው የብስክሌት መጫኛ ግን ሁለንተናውን በዚያች ብረት ላይ ይጥላል፤ የመጨረሻው ብስክሌት ከመኪናው በራቀ መጠን ብረቷን ወደ ታች የሚጠመዝዘው ኀይል እየበረታ፣ የፊት ጎማዎች ደግሞ እየቀለሉ ይሄዳሉ። ሠሪዎች በጋንቾው ላይ ቁልቁል የሚያርፈውን ክብደት ከሚጎተተው ለይተው የሚወስኑት ስለዚህ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና በመጣ ጊዜ ነገሩ ይበልጥ ጠበበ። ኀይል አንሶት አይደለም፤ ሞተሩ ከቆመበት ሲነሣ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ባትሪው ራሱ ታላቅ ሸክም ስለ ሆነ፣ ለመኪናው ከተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ገና ተሳፋሪ ሳይገባ ብዙ ድርሻ ይወስዳል። በ2010 የወጣው ኒሳን ሊፍም ሆነ በ2013 የተከተለው ቢኤምደብልዩ አይ3 ተሳቢ እንዲጎትቱ አልተፈቀደላቸውም። በ2020 ለገበያ የቀረበው ፎልክስቫገን አይዲ.3 ደግሞ እንግዳ ነገር አመጣ፤ በአማራጭ የሚገጠምለት ጋንቾ እስከ 75 ኪሎ የብስክሌት ሸክም እንዲይዝ ተፈቅዶለት፣ የተፈጠረለትን ግብር፣ መጎተትን፣ ተከለከለ።

75 ኪሎ ለቀድሞው ብስክሌት ሰፊ ነበር። ነገር ግን ያማሃ በ1993 በጃፓን ለሽያጭ ካቀረበው በኤሌክትሪክ ከሚታገዝ ብስክሌት ወዲህ ብስክሌቱም ባትሪ ተሸካሚ ሆነ፤ በጀርመን በ2023 ከተሸጡት ብስክሌቶች ከግማሽ የሚበልጡት የዚህ ወገን ነበሩ። መጫኛው 20፣ ሁለቱ ብስክሌቶች እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ ቢመዝኑ ድምሩ 70 ይሆናል፤ የቀረው 5 ኪሎ ለሕፃን ብስክሌት እንኳ ጠባብ ነው። ብልኅ ባለመኪና የብስክሌቶቹን ባትሪ ነቅሎ ከውስጥ ያስቀምጣል፤ በዚህም ጋንቾው ጥቂት ኪሎ ያርፋል፤ ለመኪናው የተወሰነው ጠቅላላ ክብደት ግን ባትሪው ከውጭ ይሁን ከውስጥ አይለይም።