የሩጫ ምርቃና እና አምስት ኪሎ ሐሺሽ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከቴል አቪቭ ወደ ሬሆቮት በሚጓዝ የሕዝብ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወጣት ኬሚስት ቦርሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ተሳፋሪው ግራ ቀኙን እያየ «ይህ ሽታ የምንድን ነው?» ይባባላል። ቦርሳው ውስጥ 5 ኪሎ የሊባኖስ ሐሺሽ አለ። ያስረከባቸው ደግሞ ፖሊስ ነው።

ኬሚስቱ በ1930 ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ የተወለዱት ራፋኤል መሹላም ናቸው። ሞርፊን ከኦፒየም፣ ኮኬይንም ከኮካ ቅጠል ተለይቶ ከወጣ ዘመናት አልፈው ሳለ ሐሺሽ የሚሠራበት ካናቢስ ውስጥ ሰውን የሚያመረቅነው ምን እንደሆነ በቅጡ አለመታወቁ ይገርማቸው ነበር። ይሠሩበት የነበረው የዋይዝማን ኢንስቲትዩት አስተዳዳሪ ለሚያውቁት የፖሊስ ሹም ስልክ ደወሉ። መሹላም ሄዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ሐሺሹን ተረክበው ተመለሱ። ፈቃዱ መጠየቅ የነበረበት ግን ከጤና ሚኒስቴር ነበርና ሰጪም ተቀባይም ሕግ ጥሰዋል። ነገሩ በይቅርታ አለፈ።

በ1964 መሹላምና ባልደረባቸው የሂኤል ጋኦኒ ቲኤችሲ የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ማንነቱን አሳወቁ። በሰው ላይ የሞከሩት ቤታቸው ውስጥ ነው። ባለቤታቸው ዳሊያ ኬክ ጋገሩ፤ አምስት ሰዎች 10 ሚሊግራም ቲኤችሲ ያለበትን፣ ሌሎች አምስት ደግሞ የሌለበትን በሉ። ቲኤችሲ ከደረሳቸው አንዱ «ምንም አልተሰማኝም» እያለ ወሬውን ማቆም አቃተው፤ ሌላው በየደቂቃው ይስቃል፤ አንዱን ደግሞ ጭንቀት ያዘው። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሩጫው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1972ቱ የሙኒክ ማራቶን፣ የእኛው ማሞ ወልዴ ነሐስ ባገኘበት ውድድር፣ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፤ አሜሪካም በሩጫ ፍቅር ተያዘች። ረጅም ርቀት የሮጡ ሰዎች ሕመሙ እንደሚጠፋና ደስታ እንደሚወርራቸው ያወሩ ጀመር። በ1975 ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ አበርዲን አንጎል የራሱን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር እንደሚሠራ አሳዩ። ጋዜጦች ሁለቱን ወሬ አጋቡና ኢንዶርፊን የተባለው ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር የሯጭ ደስታ ምንጭ ተባለ።

ጋብቻው ግን ችግር ነበረበት። ከሩጫ በኋላ ኢንዶርፊን የሚለካው በደም ውስጥ ነው፤ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር ደግሞ በቀላሉ አይሻገርም። እውነት ነው፣ በ2008 የጀርመን ተመራማሪዎች ሁለት ሰዓት በሮጡ አትሌቶች አንጎል ውስጥ የኦፒዮይድ (ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገሮች) እንቅስቃሴ አይተዋል። ያ ግን ነገሩን አልዘጋውም።

በ1988 አሊን ሃውሌትና ዊልያም ዴቫን ቲኤችሲ የሚያርፍበትን የአንጎል ተቀባይ አገኙ። አንጎል ለአንድ ቅጠል ብሎ ተቀባይ አያዘጋጅም፤ የራሱ የሆነ ነገር መኖር አለበት። በ1992 ዴቫንና ሉሚር ሃኑሽ ከመሹላም ጋር በኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያንን ነገር ከአሳማ አንጎል አወጡት። አናንዳሚድ አሉት። እሱ እንደ ቅባት ስለሆነ አጥሩን ይሻገራል።

በ2003 ፊሊፕ ስፓርሊንግና ጓዶቹ ወጣት ተማሪዎችን በትሬድሚልና በቋሚ ብስክሌት ላይ 50 ደቂቃ አሠሩ፤ በደማቸው ውስጥ አናንዳሚድ ጨመረ። በ2012 ዴቪድ ሬይችለን ሰውን፣ ውሻንና ፌሬት የምትባለውን ሽለምጥማጥ መሰል እንስሳ አስሮጡ። ረጅም ለመሮጥ በተፈጠሩት በሰውና በውሻ አናንዳሚድ ጨመረ፤ በፌሬት አልጨመረም። በ2021 የወጣው የጀርመን ጥናት ደግሞ ለእኔ ዳኝነቱን የሰጠው ነው፦ ሯጮች የኦፒዮይድን ሥራ የሚያግደውን ናልትሬክሶን ውጠው 45 ደቂቃ ሮጡ፤ ደስታው ግን አልቀረባቸውም።

ታዲያ አጭሶ መሮጥስ? በ2023 የታተመ የኮሎራዶ ጥናት 42 ሯጮችን ፈትሾ፣ ካናቢስ ወስደው ሲሮጡ የበለጠ እንደተደሰቱ፣ ቲኤችሲ የበዛበትን የወሰዱት ግን ሩጫው እንደከበዳቸው ጽፏል። ቲኤችሲ የልብ ምትን ያፋጥናል፤ ስለዚህ አይገርምም። ሰውነት በልኩ የሚያመነጨውንና በጭስ የሚገባውን አንድ አድርጎ ማየት ስህተት ነው።

የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ ቲኤችሲን በውድድር ጊዜ ይከለክላል። በ2013 የሽንት ምርመራውን ወሰን በሚሊሊትር ከ15 ወደ 150 ናኖግራም ከፍ ቢያደርግም፣ አሜሪካዊቷ ሻካሪ ሪቻርድሰን በ2021 የ100 ሜትር ማጣሪያ በ10.86 ሰከንድ አሸንፋ፣ ቲኤችሲ ተገኝቶባት ውጤቷ ተሰርዞ፣ ለአንድ ወር ታግዳ የቶኪዮ ኦሊምፒክ አመለጣት። ካናቢስ ውስጥ ያለው ሌላው ንጥረ ነገር ሲቢዲ ግን ከ2018 ጀምሮ ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል፤ ሲቢዲ ተብለው የሚሸጡ ዘይቶች ውስጥ ቲኤችሲ ተቀላቅሎ ሊገኝ ስለሚችል ይህም ወጥመድ አለው።

አሜሪካ ለጎዳና ውድድር የምትሄዱ ሯጮች ይህን ልብ በሉ፦ ቲኤችሲ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚቀመጥ ደጋግሞ በሚወስድ ሰው ሽንት ውስጥ ከሳምንታት በኋላም ይገኛል። ግዛቱ ካናቢስን ፈቀደ ማለት የውድድሩ ሕግ ፈቀደ ማለት አይደለም።