ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደም ካርቦን

እህ ብላችሁ ስሙኝ፤ የምነግራችሁ የሽቅድድም ታሪክ ነው። ሯጩ ካርቦን ነው፤ ጉልበቱም በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ኦቶ ዋርበርግ የሚባል ሳይንቲስት እንግዳ ነገር አየ። የካንሰር ሕዋስ ኦክስጅን ሞልቶ ተርፎት እንኳ ስኳሩን በወጉ አያቃጥልም፤ ወደ ላክቴት እየለወጠ ይጥለዋል። ታዲያ ይህን በሕያው ሰው ገላ ውስጥ ማን ይየው? በማግኔት የሚሠራው ኤም አር አይ የሚያዳምጠው በተለይ የውኃን ሃይድሮጅን ነው፤ የዕጢን ቅርጽ እንጂ አበላሉን አይነግርም። የምግቡን ጉዞ የሚያውቀው ካርቦን ነው። ከካርቦን ደግሞ ለማግኔት መልስ የሚሰጠው ከመቶ አንዱ ያህል ብቻ ነው፤ ካርቦን 13 ይሉታል። ድምፁም በገበያ መሐል እንደ ሹክሹክታ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. በስዊድኗ ማልሞ ያን ሄንሪክ አርደንክየር ላርሰን፣ ክላስ ጎልማንና ባልደረቦቻቸው መላ አመጡ። ካርቦን 13 ያለበትን ውህድ ከዜሮ በታች ወደ 272 ዲግሪ አወረዱት፤ በብርቱ ማግኔት ውስጥ አድርገው ማይክሮዌቭ ለቀቁበት። ማግኔቱ ያሰለፋቸው ኤሌክትሮኖች አሰላለፍ ወደ ካርቦኑ ተጋባ። ከዚያ በሙቅ ፈሳሽ አሟሙት። ምልክቱ ከ10,000 እጥፍ በላይ በረታ!

ሩጫው እዚህ ላይ ይጀምራል። ስኳር ላክቴት ከመሆኑ በፊት ፓይሩቬት ይሆናልና የተመረጠው እሱ ነው። ግን አንዴ ከሟሟ፣ ምልክቱ በየደቂቃው ገደማ ወደ ሲሶ ያሽቆለቁላል። አሲድነቱና ሙቀቱ ሊለካ፣ በደም ሥር ሊገባ፣ ዕጢው ዘንድ ሊደርስ፣ ላክቴት ሲሆንም ሊታይ ያለው ጊዜ ያ ብቻ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሩጫው በሰው ተሞከረ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሣራ ኔልሰን የተመራው ቡድን የ31 የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎችን ውጤት በ2013 አሳተመ። ካንሰሩ ባለበት ላክቴቱ ደምቆ ታየ። እንዲያውም በአንዱ ታማሚ ላይ፣ ሌላው ምርመራ ባላየው ቦታ ላክቴት ብቅ አለ፤ ናሙና ሲወሰድ ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በፊት በ2007 የኬምብሪጁ ኬቪን ብሪንድል ቡድን አይጦች ላይ ሌላ ነገር አሳይቶ ነበር፤ ኬሞቴራፒ በተሰጠ በአንድ ቀን ውስጥ ላክቴቱ ቀነሰ። መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ ዕጢው እስኪሟሽሽ መጠበቅ ላያስፈልግ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን በየሆስፒታሉ የለም? ፈሳሹ ሩቅ ተዘጋጅቶ ቢላክ መንገድ ላይ ኃይሉ ያልቃል፤ ማዘጋጃ ማሽኑ ከኤም አር አዩ ጎን መቆም አለበት። ስለዚህም ምርመራው ያለው ማሽኑን ገዝተው፣ ባለሙያውን አሠልጥነው በሚጠብቁ ጥቂት የምርምር ማዕከላት ነው።